ምንጭና ገባር

በስድስተኛው ሕንፃ «እንዴት አደርሽ?» መባባል ከቀረ ቆይቷል። ሰው ጠዋት በደረጃው ወይም በአሳንሰሩ ሲገናኝ የሚጠያየቀው «ምን አበራ?» ብሎ ነው። መልሱም «አረንጓዴ፣ ተመስገን» ይሆናል። ሽንት ቤቱ የቤተሰቡን ሰገራ ተቀብሎ ካነበበ በኋላ ከበሩ በላይ ያለችውን ትንሽ መብራት ያበራታል። አረንጓዴ ያበራለት ወደ ሥራው ይሄዳል። ቀይ የበራበትን ሰው ግን «ምን አበራ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ጎረቤት በሩን ዘግቶ ከውስጥ ይጸልይለታል።

ሕንፃው ጫጫ ዳገት ላይ ነው። ከታች ባለው ወለል ላሞች ይኖራሉ፤ ከላሞቹ በላይ ሰው ይኖራል። ድሮ ገበሬው ከከብቱ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ያድር ነበር ይባላል፤ መሬቱ ሲጠብ ዘመኑ ዞሮ ዞሮ እዚያው ደረሰ፣ መሀል ላይ ሲሚንቶ ገባበት እንጂ። ወደ ከብቱ ወለል የሚወርድ ሰው ልብሱን ቀይሮ፣ የኖራ ውሃ ረግጦ ይገባል፤ ሲወጣም እንደዚያው። ላም በወለደች ቁጥር የሚፈቀድላት አንድ ጥጃ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ የመጣው «የጥጃው ክረምት» ከሚሉት ክረምት ወዲህ ነው። ስለዚያ ክረምት ማንም ደፍሮ አያወራም፤ ከጥጃ መጣ በተባለ ተቅማጥ ሕፃን ያልቀበረ ቤት አልነበረምና።

ትርንጎ ቤት ቀይ የበራው ሰኞ ጠዋት ነው። ሁለት ነጭ ቱታ የለበሱ ሴቶች መጥተው ልጇን ውዲቱን ከእቅፏ ተቀበሉና ክዳን ያለው አልጋ ውስጥ አስተኟት። ትርንጎ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቱታዎቹን አወቀቻቸው፣ ብብታቸው ሥር ያለውን ድርብ ስፌት የሰፋችው ራሷ ናት። አንደኛዋ ሴት «መቼ ጀመራት?» ብላ ጠየቀች።

«ዛሬ» አለች ትርንጎ።

«አይዞሽ» አሉና ሄዱ። «አይዞሽ» ማለትም ከሥራቸው አንዱ ነበር።

ውዲቱ ገና መዳኽ መጀመሯ ነው። አባቷ እሷ በሆድ ሳለች ከነፋስ ኃይል ማማ ላይ ወድቆ ሞቷል። ለትርንጎ በዚህ ዓለም ላይ ያለቻት እሷ ብቻ ናት፤ ይህንንም ከአፏ አውጥታ ለመናገር ትፈራ ነበር፣ ሰሚ እንዳይወስድባት።

ማቆያው ከሕንፃው ጀርባ ነው። ግድግዳው መስታወት ነው፤ እናቶች ከውጭ ቆመው ያያሉ፣ መንካት ግን የለም። በመግቢያው ላይ በትልልቅ ፊደል «ምንጩ ሳይደፈን ልጅ አይወጣም» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ ደግሞ፣ የሚያጽናና መስሏቸው ይሁን ምን፣ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚል ተጨምሮበታል።

«የሰገራዋ ቆጠራ ወጥቷል» አላት የማቆያው ኃላፊ ዶክተር መክብብ። ጠጉሩ የሸበተ፣ ሲናገር ድምፁ ከፍም ዝቅም የማይል ሰው ነው። «ሮታ ነው፤ ሕፃናትን የሚያስቀምጥ ቫይረስ። የሮታ ዘረመል አሥራ አንድ ቁራጭ አለው። በልጅሽ ውስጥ ካገኘነው ሰባቱ የሰው ናቸው፣ አራቱ የከብት።»

«የከብት ማለት?»

«ዲቃላ ነው ማለት ነው። የሰው ሮታና የላም ሮታ አንድ ሆድ ውስጥ ተገናኝተው ተዳቅለዋል። አሁን ዘሩን እንቆጥራለን። ይህ የማን ልጅ ነው፣ ያኛውስ የማን እያልን ወደ ላይ እንወጣለን።»

ትርንጎ ዘር መቁጠር እንግዳዋ አይደለም፤ እሷም ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው የተዳረችው። የልጇ ተቅማጥ አያት ቅድመ አያት ሲወጣለት ግን ገና አሁን ሰማች።

«ታች ያሉት ላሞች በሙሉ ተቆጥረዋል» አላት ዶክተሩ። «አንዷም አትዛመድም። ስለዚህ በዚህ ሕንፃ ውስጥ ያልተቆጠረ ከብት አለ።»

ትርንጎ ዓይኗን ወደ መስታወቱ መለሰች።

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዳይሆን» አለ፣ ሳይቆጣ። «ሳምንቱ ሳያልቅ ምንጩ ካልተገኘ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። ውዲቱ ቆላ ትወርዳለች። ቆላ የሚሉት ከዳገቱ ማዶ፣ ከገደሉ ሥር ያለ ሰፈር ነው። ምንጫቸው ያልታወቀ በሽተኞች ወደዚያ ይላካሉ። መኪናው ሰው ይዞ ይወርዳል፤ ባዶውን ይወጣል። እዚያ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ ሐኪም ቤት አለ የሚሉ አሉ፣ የመቃብር ቦታ ብቻ ነው የሚሉም አሉ።

ትርንጎ መስታወቱ ላይ ተለጥፋ ዋለች። ውዲቱ መርፌ በክንዷ ተሰክቶ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ ተኝታለች። መጀመሪያ ላይ እናቷን ስታይ እጇን ትዘረጋ ነበር። በኋላ መዘርጋቱን ተወችው። የትርንጎ ጡት ሞልቶ በቀሚሷ ላይ ይፈሳል፤ ልጅቷ ከመስታወቱ ወዲያ በጥም ከንፈሯ ደርቆ፣ ወተቷ ከመስታወቱ ወዲህ መሬት ላይ ይንጠባጠባል። እንዲህ ያለ ግፍ አለ? እሷ ግን የምታማርርበት ጊዜ አልነበራትም። የት መሄድ እንዳለባት ከዶክተሩ ፊት ቆማ ሳለች ጀምሮ አውቃዋለች።

እትዬ ጥሩሰው በሩን ሲከፍቱላት ሬዲዮናቸው ሕንፃውን ያናውጣል። ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ መበለት ናቸው፤ የውዲቱ የክርስትና እናት። ታች ቡሬ የምትባል ላም አላቸው። ቡሬ ሰሞኑን መንታ ወለደች። አንደኛዋን ጥጃ አስቆጠሯት። ሁለተኛዋን፣ ደቃቃዋን፣ ለአራጅ ከመስጠት ብለው በእጥብ ልብስ ጋሪ ሸፍነው ወደ ቤታቸው አወጧት። የጋሪውን እጀታ ከወዲያ በኩል የያዘችው ትርንጎ ነበረች። ሬዲዮው የሚጮኸው የጥጃዋ ድምፅ እንዳይሰማ ነው፤ ጎረቤትም «እትዬ ጥሩሰው ጆሯቸው ደከመ» ብሎ ያዝንላቸዋል።

«ልጄ ወጣች?» አሉ እትዬ ጥሩሰው ገና በሩን ሳይዘጉ።

«አልወጣችም። ያልተቆጠረ ከብት አለ አሉኝ።»

ሴትዮዋ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። «እና እኔ ዘንድ መጣሽ።»

«የት ልሂድ፣ እትዬ?»

«እንገሩ ነው እያልሽኝ ነው? አፍልቼው እኮ ነው ለውዲቱ የሰጠኋት! እስኪቋጥር ነው ያፈላሁት፣ ዓይንሽ እያየ! አንቺም በላሽ፣ እኔም በላሁ። እኔ ቤት አረንጓዴ ነው። የፈላ እንገር ምን ይዞ ይሻገራል?»

እውነታቸውን ነበር። ትርንጎም እውነት እንደሆነ ልቧ ያውቅ ነበር። ግን የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ እሷም ሌላ ምንጭ አልነበራትም፣ የነበረችውን ያዘች።

ጥጃዋ ከመታጠቢያ ቤቱ ብቅ ብላ ወደ ትርንጎ እጅ መጣችና ጣቷን ፈለገች። ስትወለድ መጥባት እምቢ ብላ ነበር። እትዬ ጥሩሰው ጣታቸው በቁርጥማት የደረቀ ስለሆነ ትርንጎን ጠሯት፤ ትርንጎ ከብት አርቢ ቤት ነው ያደገችው። ጣቷን እንገር ውስጥ እየነከረች በጥጃዋ አፍ ውስጥ አስገብታ፣ ጠዋት ማታ እየተመላለሰች መጥባት አስተማረቻት። አሁን ጥጃዋ ሰው ባየች ቁጥር ጣት ትፈልጋለች።

«እነሱ እኮ እሷን ብቻ አይደለም የሚወስዱት» አሉ እትዬ ጥሩሰው። «ደብቀሻል ብለው ቡሬንም፣ ያችኛዋንም ነው የሚፈጁብኝ። አንቺ ልጅ፣ ከእነሱ ሌላ እኔ ማን አለኝ?»

ትርንጎ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። «ውዲቱ አለችዎት።»

እትዬ ጥሩሰው ተነሥተው ሬዲዮናቸውን አጠፉት። ቤቱ ጭር ሲል የጥጃዋ ትንፋሽ ተሰማ።

«ከብት ይተካል» አሉ። «ሰው ነው የማይተካው። ነይ፣ ገመድ አቀብይኝ።»

ጥጃዋን ሳይሸፍኗት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በአሳንሰሩ አወረዷት። ሰዎች ግድግዳ ላይ ተለጠፉ፤ አፋቸውን በነጠላ ያፈኑ ነበሩ። አንድ ሕፃን ብቻ ጥጃ በቅርብ አይቶ ስለማያውቅ ተንከትክቶ ሳቀ፤ እናቱ አፉን ያዘችው። ማቆያው በር ላይ ሲደርሱ እትዬ ጥሩሰው ገመዱን ራሳቸው ለነጭ ለባሾቹ አስረከቡ። «ስም አላወጣሁላትም» አሏቸው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ለከብት ቆጠራ እስኪያልቅ መጠበቅ የለም። ከሰዓት በኋላ ከታችኛው ወለል የቡሬ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ በኋላ አልተሰማም። ትርንጎና እትዬ ጥሩሰው ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። እትዬ ጥሩሰው አላለቀሱም። «ነገ ትወጣለች» ሲሉ ብቻ ደጋገሙ። «ነገ ትወጣልኛለች፣ አጥቢያት፣ ከዚያ አምጫትና እኔ ጋ ትተኛ።» ትርንጎ እጃቸውን ይዛ ሳመችው። በዚያች ሰዓት ከዚህች ሴት የበለጠ የምትወደው ሰው አልነበረም፣ ከዚህች ሴት የበለጠ የበደለችውም ሰው አልነበረም።

በማግሥቱ ዶክተር መክብብ አስጠራት። «ምንጩ ተገኝቷል» አላት።

ትርንጎ እልል አለች። መቆጣጠር አልቻለችም፤ እልልታዋ በመስታወቱ ግድግዳ ሁሉ አስተጋባ፣ ሌሎቹ እናቶች ዘወር ብለው በቅናት አዩዋት።

«ተቀመጪ» አላት።

«አልቀመጥም፣ ልጄን ስጡኝ። ነጠላዬን ይዤ መጥቻለሁ።»

«ትርንጎ፣ ተቀመጪ።»

ትርንጎ ነጠላዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«ጥጃዋ ውስጥ ያለው ሮታ የልጅሽ ዘመድ ነው» አለ። «አሥራ አንዱም ቁራጭ ከልጅሽ ጋር አንድ ነው። ነገር ግን ሮታ ከሆድ ወደ ሆድ ሲሻገር ራሱን ሲገለብጥ ይሳሳታል። በጥጃዋ ውስጥ በልጅሽ የሌሉ ሁለት አዳዲስ ስሕተቶች አሉ። በልጅሽ ያለው ግን ሁሉም በጥጃዋ አለ። ግልባጩ የጥጃዋ ነው። ግልባጭ ደግሞ ከዋናው አይቀድምም።»

«አልገባኝም።»

«ጥጃዋ አይደለችም ለልጅሽ ያስያዘቻት። ልጅሽ ናት ለጥጃዋ ያስያዘቻት።»

«ውዲቱ እኮ ጥጃዋን አይታት አታውቅም!»

ዶክተሩ «ልጅሽ ሰኞ ጀመራት ብለሻል። እውነት ሰኞ ነው?» አላት።

ሰኞ አልነበረም። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ሆዷ ለቀቅ ብሎ ነበር። ትርንጎ ድዷን ዳስሳ ጥርስ ልታወጣ ነው አለች። የሰፈሩ ሴት ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው፤ እናቷም፣ የእናቷም እናት ሲሉት የኖሩት ነው፤ ጥርስ ሲመጣ ሆድ ይለቃል። ለጥርስ ብሎ ማን ቀይ ያስበራል? ስለዚህ የሕፃኗን ጨርቅ ወደ ሽንት ቤቱ ከመክተት ይልቅ በእጇ እያጠበች ሰነበተች፤ ሰኞ ሲብስባት ነው የከተተችው። ጨርቁን አጥባ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ወደ ዘጠነኛ ፎቅ ትወጣለች። ጥጃዋ ትጠብቃታለች።

ትርንጎ ቀኝ እጇን አየችው። ከዚያ ከጀርባዋ ደበቀችው፣ የሰረቀች ይመስል።

«እኔ ነኝ» አለች ድምፅ በሌለው ድምፅ። «በጣቴ ነው።»

«ገምቻለሁ።»

«የከብት ነው አላልከኝም? አራቱ የከብት ናቸው አላልክም?»

«ናቸው። ግን እነዚያ አራት ቁራጮች ሰው ውስጥ ከገቡ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። አንድ ጊዜ፣ ከአንድ ላም፣ ወደ አንድ ሰው ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ ከሰው ወደ ሰው ነው የኖሩት። ከጥጃው ክረምት በፊትም ሳይኖሩ አልቀሩም።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ከብቱን የምንፈጀው…»

ዶክተር መክብብ ወደ መስታወቱ ዞረ። «ከእኛ እየያዛቸው ሊሆን ይችላል» አለ። ያንን ሲል ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አለ።

«ደግ። ታወቀ። ጥፋቱ የኔ ነው። ልጄን ስጠኝ።»

«ምንጭ ይደፈናል ነው ሕጉ የሚለው። ምንጭ ከብት ነው አይልም። ሲጻፍ ሰው ምንጭ ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረምና ቃሉን ለማብራራት የደከመ የለም። ቆጠራው ወደ ላይ ሲወጣ ልጅሽ ላይ ቆሟል። ከእሷ በላይ ማንም አልተገኘም። ፍርዱን የምሰጠው እኔ ብሆን…» አልጨረሰውም። «ቆጠራው ሲዘጋ ራሱ ይፈርዳል። ከሰዓት በኋላ ትወርዳለች።»

ትርንጎ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች። «ሕፃን ናት እኮ! ከአንድ ሰው ይዟት ነው እንጂ ከሰማይ አልወረደባት! እኔን ቁጠሩኝ፣ ከእኔ ነው የያዛት፣ እኔን አውርዱኝ!»

«ተቆጥረሻል። አረንጓዴ ነሽ።»

«አብሬያት ልውረድ!»

«ጤነኛ ሰው ወደ ቆላ አይላክም።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ፣ ድምፅ አውጥታ፣ እንደ ሐዘንተኛ ደረቷን እየመታች አለቀሰች። ዶክተሩ አላስቆማትም። ልቅሶዋ ሲደክም ነው የተናገረው፤ የተናገረውም እያያት አልነበረም።

«ስትወጣ ጀርባ በር ላይ ቆመሽ ልታያት ትችያለሽ። ግን ተጠንቀቂ። ከፍርድ በኋላ ምንጭን በባዶ ገላው የነካ ሰው ገባር ይባላል። ገባር ከምንጩ ጋር ይወርዳል፤ እዚያ ላይ ይግባኝ የለም።»

ሊያስፈራራት ይሁን ሊነግራት፣ ትርንጎ አልጠየቀችውም። ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ ተነሣች። «ለእትዬ ጥሩሰው አንድ ነገር ንገርልኝ» አለችው። «እንገሩ ንጹሕ ነበር በልልኝ።»

ጀርባ በሩ ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል። መኪናው የኋላ በሩን ከፍቶ ቆሟል፤ ውስጡ ሁለት ሽማግሌዎችና አንዲት ልጃገረድ ተቀምጠዋል፣ አንዳቸውም ወደ ውጭ አያዩም። ሁለቱ ነጭ ለባሾች ክዳን ያለውን አልጋ እየገፉ መጡ። መኪናው ጋ ሲደርሱ አልጋው በበሩ ስለማይገባ ክዳኑን ከፈቱትና አንደኛዋ በጓንቷ ሕፃኗን አነሣቻት። ውዲቱ አላለቀሰችም። ለማልቀስ የሚሆን ውሃ በሰውነቷ አልቀረም።

«እዚያ ቁሚ» አለች ሁለተኛዋ ሴት ትርንጎን። «አትቅረቢ፣ እቱ፣ በእናትሽ አትቅረቢ።»

ትርንጎ ቀረበች። እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ፣ ልጇን ከጓንቱ ውስጥ በባዶ እጇ ወሰደቻት፣ ጉንጯን በጉንጯ ላይ አደረገች፣ አፏን ሳመቻት።

«ገባር!» ብላ ጮኸች ሴትዮዋ። ሁለቱም ወደ ኋላ ሸሹ። ሾፌሩ መስኮቱን ዘጋ። ከመስታወቱ ወዲያ የቆሙት እናቶች እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

ውዲቱ ቀለለች፣ እንደ ባዶ ልብስ ቀለለች፤ ግን ትንፋሽ አላት። ትርንጎ በነጠላዋ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አጣበቀቻትና ማንም ሳይገፋት ወደ መኪናው ወጣች። ከአንደኛው ሽማግሌ አጠገብ ተቀመጠች። በሩ ሊዘጋ ሲል ወደ ሁለቱ ነጭ ለባሾች ዞራ፣ ጉዞ እንደሚወጣ ሰው ሁሉ፣ በደህና ድምፅ ጠየቀቻቸው።

«እዚያ ለሕፃን ምን ይዞ ነው የሚወረደው? ይበርዳል ወይስ ይሞቃል?»

ሴቶቹ ተያዩ። ከቆላ ተመልሶ የነገራቸው ሰው አልነበረም።